የቢራቱ እጅ ያረፈበት መኪና

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ እታለማሁ፣ ደብረ ብርሃን

እቴቴ፣ ሰላምታዬ ከደጅዎ ገብቶ፣ ጉልበትዎን ስሞ፣ ብርድ የማይደርስበት ጥግ ይቀመጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ታዴዎስ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን።

በመጀመሪያ የጎረቤታችንን የጋሽ ንጉሡን ነገር ልንገርዎ፤ ባለፈው ጠይቀውኝ ነበርና። ኩላሊታቸው ጭራሽ ሥራ አቆመ። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ ይሄዳሉ። ደምን በማሽን አጥበው የሚመልሱበት ነው። አንድ ቀን ከቀሩ እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ልጃቸው ዮዲ ራቅ ብላ ጀርመንታውን ነው ያለችው። ሴት ልጅ ወልዳ ገና ከአራስ ቤት አልወጣችም፣ ስለዚህ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። «ስመኝ፣ ሥራ ሆንኩብሽ» ይሉኛል መኪና ውስጥ በገቡ ቁጥር። «ጋሼ፣ ሥራዬማ የአረጋውያን መጦሪያው፣ ነርሲንግ ሆሙ ነው፤ እርስዎ እረፍቴ ነዎት» ስላቸው ይስቃሉ።

አዲስ መኪና የገዛነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐምሌ ላይ ነው የገዛነው። ታዴዎስ የወንበሩን ላስቲክ እስከ መስከረም አላስነካንም። ምን ያደርጋል እቴቴ፣ መኪናው እየሄደ ይጠፋል! አያስል፣ አይንቀጠቀጥ፣ እንዲያው ድንገት ዝም። መሪው ድንጋይ ይሆናል፣ ፊት ለፊት ያሉት መብራቶች ሁሉ ይበራሉ። መጀመሪያ የጠፋ ጊዜ ወደ ሸጠልን ድርጅት ወሰድነው፤ እዚህ ዲለር ይሉታል። ሦስት ቀን አቆይተው «ምንም አላገኘንበትም» የምትል አንዲት ወረቀት ሰጡንና መለሱልን። በሳምንቱ ጠፋ።

ይህን ጊዜ የእርስዎ ልጅ ቢራቱ ሰማ። ማን እንደነገረው እንጃ። ከሚኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከሥራ እንደወጣ፣ የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ካርቶን አነጠፈና ከሥር ገባ። «እነሱ በኮምፒውተር ነው የሚያዩት፣ እኔ አዳምጠዋለሁ» አለን ከዚያው ሆኖ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጠፋ፣ ሦስቱንም ጊዜ መጣ። ታዴዎስ አንዴ ብር ኪሱ ሊከትበት ሲል እጁን አፈፍ አድርጎ፣ «ታዴ፣ እኔ ዘመድህ ነኝ ወይስ ጋራዥህ?» አለው።

ምን በላ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ዘንድሮ የፈረንጆቹ የምስጋና በዓልና የእኛ ቅበላ ባንድ ቀን ስለዋሉ ትናንት ሁላችንም ቤት ነበርን። ዶሮውን በሁለት እንቁላል በላ። ከዚያ ሶፋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ፣ ብርድ ልብስ ጣል አደረግሁበት። እቴቴ፣ እርስዎ ልጅ ወልደዋል።

ይህን የሚያደርስልዎት ከቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ኪዳን ነው። መነጽር ልኬያለሁ።

ዕድሜ ከነጤናው ይስጥልኝ።
ልጅዎ ስመኝ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኝ

እንደምን አለሽ። ታዴዎስስ እንደምን አለ። እኔ አለሁ። ጆሮዬ ተደፍኖ ቀረ። ዓይኔ ግን አለ፣ መነጽሩም ልክ ሆነ፣ እጅሽ ይባረክ። ቢሆንም ጽሑፍሽን አግዝፊው።

ደብዳቤሽን ለማኅበርተኞቼ በአስተርእዮ ማርያም አነበብኩላቸው። እነሱ መሀል መሀል ያወራሉ። እኔ ስለማልሰማ ሳላቋርጥ ጨረስኩት። እንቁላሉ ጋ ስደርስ ሁሉም አፋቸውን ያዙ።

ቢራቱ በስልኩ መስታወት ይመጣል። የጎረቤቴ ልጅ ቤዛዊት ትይዝልኛለች። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚል አላውቅም። እንድስቅ ብሎ በግሪስ የጠቆረ እጁን ያሳየኛል፣ እስቃለሁ። መጻፍ እንደሆነ ከልጅነቱም አይወድ። ስለዚህ ልጄን የማውቀው አንቺ ስትጽፊ ነው። የበላውን ጻፊ። የለበሰውን ጻፊ። ያስቀየመው ሰው ካለም ጻፊ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ልጄ እያለልሽ መኪናሽን ለባዕድ እንዳትሰጪ። ይቀየማል። አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ ግን ይቀየማል። አባቱም እንደዚያ ነበር። የጎረቤታችንን በር ሌላ አናጢ ሲሠራው አይቶ ሁለት ዓመት በዚያ ደጅ ሳያልፍ ዞሮ ሄዷል። ሞኝነት ነው በይው። እኔ ግን ቅያሜ ምን እንደሆነ አብሬው ኖሬ አውቀዋለሁ።

ለሽማግሌው እግዚአብሔር ይማርዎት በይልኝ። ለአራሷም ማርያም በሽልም ታውጣት።

እግርሽን እንቅፋት አያግኘው። መኪናሽም መንገድ ላይ አይቁም።
አክስትሽ እታለማሁ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ እታለማሁ

እቴቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ ገባ ወይ? ዘግየት አልኩብዎት፣ ይቅር ይበሉኝ፤ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነው። እንዳዘዙኝ ፊደሉን አግዝፌዋለሁ።

ጋሽ ንጉሡ ሆስፒታል ሰንብተው ወጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ወደ ዳያሊሲስ ስወስዳቸው መኪናው ትልቁ አውራ ጎዳና ላይ ጠፋ። መሀል መንገድ ላይ እቴቴ! ከኋላችን ትልቅ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ሲጮህ እመቤቴ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሊገጨን ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ጋሽ ንጉሡ ቀበቷቸውን እንደያዙ፣ «ስመኝ፣ ይሄ መኪና ከኩላሊቴ በፊት ሊገድለኝ ነው» አሉኝ። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሳቸው ያጽናኑኛል። የዚያን ቀን ዳያሊሲሱ አለፋቸው፣ በማግሥቱ አብጠው ሆስፒታል ገቡ።

ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰው ስናወራ፣ ለዚህ ሕግ አለ አሉን። አዲስ መኪና ገዝተህ ያው ብልሽት እየተመላለሰ ካስቸገረህ የሠራው ፋብሪካ ወይ ይቀይርልሃል ወይ ገንዘብህን ይመልሳል። የሎሚ ሕግ ይሉታል። እንዲህ ያለውን መኪና እዚህ ሎሚ ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፣ እኔ ሎሚ የማውቀው ለጉንፋን ነው። ሳራ የምትባል ጠበቃ አገኘን። የእኛው ልጅ ናት፣ ግን እዚህ ስላደገች አማርኛው እየጠፋት እጇን ታወናጭፋለች። ነገሩን ይዛልናለች። አንዳንድ ወረቀት ይጎድላል፣ እንግዲህ እናያለን።

ታዴዎስ ሄርንደን አጠገብ ያለው ኤርፖርት ሥራውን ቀጥሏል፤ በአውቶቡስ መመላለሱ ግን ወገቡን ጎድቶታል። የዮዲ ልጅ ጥርስ አወጣች። በረንዳዬ ላይ ጤናዳም ተክዬ በቀለልኝ።

ቢራቱ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል።

ክረምቱን በሰላም ያሻግርዎት።
ልጅዎ ስመኝ


ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለስመኝ

እንደምን አለሽ። እኔ አለሁ።

ፊደሉን አገዘፍሽው፣ ልጄን ግን አሳነስሽው። ሽማግሌው አለ፣ ሕፃኗ ጥርስ አውጥታለች፣ ጤናዳም በቅሏል። ልጄ ከጤናዳም በታች ሆነ? ምን በላ? መቼ መጣ? መንገድ ላይ ስትቆሚ ማን ደረሰልሽ?

በመስታወቱ ሲመጣ እጁን አያሳየኝም። ቤዛዊትን እጁን አሳይ በይው ብላት ነገረችው። ሳቀና ወደ ታች አደረገው። ቶሎም ይሄዳል።

ማንበብ የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘግይቼ ስለተማርኩ ያልተጻፈውም ይታየኛል። ሞተ እንዳልል በመስታወት አየዋለሁ። ታሰረም እንዳልል ቤቱ ነው። አንዳችሁ ከአንዳችሁ ተቀያይማችኋል።

ደግ ደጉን ብቻ እየመረጥሽ አትጻፊልኝ። እኔ መስማት እንጂ መሸከም አላቃተኝም።

አዲሱ ዓመት እውነቱን ይዞልኝ ይምጣ።
እታለማሁ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ እታለማሁ

እቴቴ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ብዙ ጊዜ ጀመርኩና ቀደድኩት። ዛሬ ግን ሳልቀድ እጨርሰዋለሁ።

አውራ ጎዳናው ላይ ስንቆም የደረሰልን ቢራቱ ነው። ሥራውን ጥሎ መጣ፣ አስነሳልን። ሕግ አለ ስንባልም ከሁላችን እሱ ነበር የተደሰተው። «እኔ ምስክር እሆናችኋለሁ፣ ስንት ጊዜ እንደተበላሸ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» ብሎ፣ ያንን ለሠርግ የሚለብሰውን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሳራ ቢሮ አብሮን ገባ።

ሳራ በጣም ትሁት ልጅ ናት። «ዲለሩ የሠራበትን ወረቀት በሙሉ ስጡኝ» አለች። አንዷን ሰጠናት። «ሌሎቹስ?» አለች። ቢራቱ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። የትኛውን ሽቦ እንደቀየረ፣ የቱን እንዳጠበቀ፣ መጀመሪያ ምን ጠርጥሮ ኋላ ምን እንዳገኘ፣ አምስቱንም ጊዜ አንድ በአንድ አስረዳት። እቴቴ፣ ሲናገር እንዴት ያምርበት ነበር! እሷ ግን መጻፏን አቆመች። እኔ አየኋት፣ እሱ አላየም።

ሲጨርስ ቀስ ብላ እንዲህ አለች። «ሕጉ የሚጠብቃችሁ የሸጠላችሁ ድርጅት ያንኑ ብልሽት ደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተው ነው። አራት ጊዜ መሞከር አለበት። እናንተ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ዕድል የሰጣችሁት። ይባስ ብሎ፣ ሌላ ሰው ነካክቶ አበላሽቶታል ሊሉ ነው።»

ቢራቱ፣ «ታዲያ እኔ የሠራሁት ምን ይባላል?» አላት።

«ለሕጉ?» አለች ሳራ። «ናቲንግ።» ምንም ማለቷ ነው። ቀጥላ፣ «ሶሪ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለችው። ባትጨምረው ይሻል ነበር።

 ቤት ገብተን ምሳ አቀረብኩ። ታዴዎስ የኤርፖርቱ ድካም፣ የአውቶቡሱ፣ የወገቡ፣ ሁሉም ተደራርቦበት ነበር። ቢራቱ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደጠቀለለ፣ «ለመሆኑ ማን ና አለህ?» አለው ታዴዎስ። «ማን ጠራህ? ያን ጊዜ ብትተወን አሁን መኪና ይኖረን ነበር።»

እቴቴ፣ ቢራቱ የጠቀለላትን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጣት። እጁን በሶፍት ጠረገ፣ እያንዳንዷን ጣት። ከኪሱ የመኪናችንን ትርፍ ቁልፍ አውጥቶ ከጨው ዕቃው አጠገብ አኖረና፣ «እግዜር ይስጥልኝ ስመኝ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። አሌክሳንድሪያ ሁለት ጊዜ ሄጄ በሩን አልከፈተልኝም። የራሱ መኪና ግን ደጁ ቆሞ አይቻለሁ።

ሌላም አለ። መጋቢት ላይ ዲለሩ ቀጠሮ ሰጥቶኝ ነበር። የእርስዎ ደብዳቤ፣ ለባዕድ እንዳትሰጪ ያሉኝ፣ በዋዜማው ደረሰኝና ሰረዝኩት። ለታዴዎስም ለቢራቱም አልተናገርኩም። እርስዎም ይህን እንዳያውቁ ነበር የዘገየሁት፣ አሁን ግን ዋሽቼ መጻፍ አቃተኝ። እርስዎ ለፍቅር ብለው ነው የጻፉት፣ እኔም ለፍቅር ብዬ ነው የሰረዝኩት፣ እሱም ለፍቅር ብሎ ነው ካርቶን ላይ የተኛው። ከሦስታችን ማንን ልውቀስ?

ሳራ ተስፋ አትቁረጡ ትላለች። ከእንግዲህ ከዲለሩ በቀር ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ወስደነዋል፣ ሁለቴም ሠራን ብለው መለሱት፣ ወረቀቱ አለ። መኪናው ሕጉ የወሰነለትን ማይል ሄዶ ሳይሞላ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀረናል። መኪና እንዲበላሽ የሚጸልይ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ ነኝ። ታዴዎስም እንደዚያ በመናገሩ እንቅልፍ አጥቷል፤ ግን ደውልለት ስለው ግድግዳ ያያል።

እባክዎ ለቢራቱ ይጻፉለት። የእርስዎን ይሰማል።

ጉልበትዎን እስማለሁ።
ስመኝ


ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስመኝ

እንደምን አለሽ። እኔ ብርዱ ጸንቶብኛል፣ ግን አለሁ።

ይህን ደብዳቤሽን ለማኅበርተኞቼ አላነበብኩም። ልጅሽ ምን አለ ብለው በእጃቸው ሲጠይቁኝ መነጽሬ ተሰብሯል አልኳቸው።

ውስጡ የታጠፈው የቢራቱ ነው። አታንብቢው። ከእጁ አድርሺለትና ሲያነብ ፊቱን እይልኝ። ያየሽውን ጻፊ።

ታዴዎስን አትቆጪው። እኔም አልተቀየምኩትም። ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ባለቤቱም አይመልሰው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጄ ሰው አገር ብቻውን ቆሞ እንዳይበላ። እናንተ ገበታ ላይ ተቀምጦ መብላቱን ጻፊልኝና ከዚያ በኋላ መኪናው ገደል ይግባ።

አባቱ ያንን በር ሳያልፍ ነው የሞተው። ሁለት ዓመት ብዬ የጻፍኩልሽ አሳንሼ ነው።

እመ ብርሃን ከሁላችሁ ጋራ ትሁን።
አክስትሽ እታለማሁ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ እታለማሁ

እቴቴ፣ ብርዱ ለቀቅ አደረገዎት ወይ? ወፍራም ካልሲ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፣ እባክዎ ለሰው አይስጡ፣ ራስዎ ያድርጉት።

ጋሽ ንጉሡ አረፉ። በጥምቀት ማግሥት፣ ማሽኑ ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆመ። ያን ቀን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ስንሄድ መኪናው አልጠፋም። «ዛሬ ጨዋ ሆኗል» ብለው ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረጉት። ነፍሳቸውን ይማር።

ለቅሶው እሳቸው ቤት ነው የተቀመጥነው፣ ያው ከእኛ በር ፊት ለፊት ነው። ዮዲ ሕፃኗን ታቅፋ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም ጠፍቷት ትቀመጥ ነበር። ሴቨን ኮርነርስ ከሚባለው ሰፈር የድሮ ጓደኞቻቸው መጡ፣ አብረዋቸው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጥረው የሠሩ። አንደኛው፣ «ንጉሡ ሰው አስቸግሮ አያውቅም፣ ሲሞት እንኳ ሥራ ሰዓት ላይ አይደለም» አሉ፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ። ሳራም መጣች፣ ጥቁር ለብሳ።

በሦስተኛው ቀን ቢራቱ መጣ።

አንድ ካርቶን ውሃ በትከሻው ተሸክሞ ነው የገባው፣ እዚህ ለቅሶ ቤት ውሃ ነው የሚመጣው። ያንኑ ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ሰፍቶታል። ዮዲን አቅፎ አለቀሰና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ታዴዎስ ከወዲያ ጥግ ነበር። እኔ ኮሪደር ጠርቼው ደብዳቤዎን ከእጁ አደረስኩ። ቆሞ አነበበው። ፊቱን እይልኝ ብለውኝ ነበርና አየሁት። ከንፈሩ እንደ ተማሪ ይንቀሳቀስ ነበር። ሲጨርስ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተውና፣ «የእማዬ ጽሑፍ ተንቀጥቅጧል። ብርድ ነው?» አለኝ።  ዓይኑ ቀልቷል።

ማታ ዮዲን ከነሕፃኗ እኛ ልናደርሳት ወጣን። ታዴዎስ መሪ ያዘ። ከፓርኪንጉ መውጫ ላይ ሲደርስ መኪናው ጠፋ። ከኋላችን የለቅሶተኛው መኪና ተሰልፏል፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ሰዉ ሁሉ ወረደና፣ «ቢራቱ አለ አይደል እንዴ! ቢራቱን ጥሩት!» አለ።

ቢራቱ መጣ። ታዴዎስ ወርዶ ኮፈኑን ራሱ ከፈተለት። እቴቴ፣ ከዚያች ምሳ በኋላ መጀመሪያ የተነጋገሩት ይህን ነው።

«ቢሩ፣ በእናትህ እየው» አለው ታዴዎስ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆኖ።

ቢራቱ አንድ እርምጃ ቀረበ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ አየሁት፣ እንደ ድሮው፣ የጠፋውን ሞተር። ከዚያ ሁለት እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ዝጋው ታዴ። የሸጡት ይዩት።»

«ግዴለም፣ ሕጉ ይቅር! መኪናውም ይቅር፣ ንካው!»

«እኔ ከነካሁት አይቆጠርላችሁም» አለ። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ቢሆን እኮ ይሻለኝ ነበር።

ሰዎች ገፍተው ወደ ዳር አወጡት። ጎታቹ መኪና እስኪመጣ ድረስ ቢራቱ በዚያ ብርድ አብሮን ቆመ፣ እጁን ከኪሱ አላወጣም። መኪናው ተጎትቶ ሲሄድ ሳራ ክንዴን ይዛ፣ «ይሄ አራተኛው ነው፣ ማይሉም አልሞላም። ዲለሩ ወረቀቱን ሲሰጥ ክሱን አስገባለሁ» አለችኝ። ደስ ይበልሽ ማለቷ ነው። ያንን ያህል የጸለይኩበት ሲደርስ ደስታው ከየት ይምጣ።

ቢራቱ፣ «ዮዲን እኔ አደርሳታለሁ» አለና የሕፃኗን ወንበር ራሱ መኪና ውስጥ አሰረ። ታዴዎስ ተከትሎት ሄደና፣ «መጀመሪያ ግባ፣ እኛ ቤት እህል ቅመስ። ስመኝ ወጥ አሙቃለች» አለው። «ጀርመንታውን ሩቅ ነው፣ ሕፃኗ ይበርዳታል» አለው ቢራቱ። ታዴዎስ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ምን በላ እንደሚሉኝ አውቃለሁ እቴቴ። ራሱ ካመጣው ውሃ አንዱን ከፍቶ ጠጣ። ሊሄድ ሲል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጠራኝና፣ «ለእማዬ በልቷል ብለሽ ጻፊላት» አለኝ።

ስመኝ